የአልጋ አንጣፊዋ እናት

ልጄ የምትሠራው ሰው ሊያርፍ በሚሄድበት ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ካሉት ሐይቆች በአንዱ ዳር ሪዞርት አለ። እዚያ ክፍል ታጸዳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። ሰው ደግሞ የሚያርፈው በበዓል ነው። ስለዚህ እኔ ቆቦ ላይ ጠላ ጠምቄ፣ ወጥ ሠርቼ፣ ደጅ ደጁን በማይበት ቀን እሷ የማታውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ ትቀይራለች። ገናው እንዲህ አለፈ፤ ፋሲካውም እንዲህ አለፈ።

ፈቃድ የላትም ማለት አይደለም። በዓል ባልሆነ ጊዜ ይሰጧታል። ያንን የከለከልኳት እኔው ነኝ። «እማ፣ ልምጣ?» ትለኛለች። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ክፍት በሆነ ሰሞንም ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። እሷ ደግሞ ወጣት ናት። «ትንሽ ቆዪ ልጄ፣ ይረጋጋ» እላታለሁ። «እሺ እማ» ትላለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አፌን በእጄ ይዤ እቀመጣለሁ።

የምመኘው ብዙ አልነበረም። ልጄን አንድ ቀን ሙሉ አጠገቤ አስቀምጬ ማየት ነበር። ሳትነሳ፣ ማንም ሳይጠራት። በስልክ የምሰማው ድምጿ ሁልጊዜ የሚሮጥ ሰው ድምፅ ነው። አንሶላ የጫነ ጋሪ እየገፋች ታወራኛለች፤ የጋሪው ጎማ ከእሷ በላይ ይሰማኛል። «መልሼ እደውላለሁ» ትላለች። ትደውላለች ደግሞ፣ አትዋሽም። ግን ስትደውል ደክሟታል፤ እኔም አሳዝናኝ ቶሎ አሰናብታታለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራ አላት። በሰፈራችን ተምረው ቤት የተቀመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ይህን አውቃለሁ፣ ጠዋት ማታም አመሰግናለሁ። ምስጋናው ግን ናፍቆቱን አላስወጣልኝም። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ተዳብለው ይኖራሉ።

ታላቅ ወንድሟ አዲስ አበባ የቤት ኤሌክትሪክ ይዘረጋል። በጽጌ ጾም ሰሞን ደወለ።

«እማ፣ እሷ መምጣት ካልቻለች አንቺ ለምን አትሄጂም?»

«የት?»

«ሪዞርቱ ነዋ። አሁን እንግዳ የሚቀንስበት ጊዜ ነው፣ ዋጋውም ወርዷል። ለሠራተኛ ቤተሰብ ደግሞ ትንሽ ይቀንሳሉ አሉ። እኔ እከፍላለሁ። እንግዳ ሆነሽ ትገቢያለሽ።»

«እኔ ተኝቼ እሷ ልታነጥፍልኝ?»

«እሱን እንግዲህ ከእሷ ጋር ተነጋገሩበት።»

መንገዱን ጠየቅኩት፤ ለጊዜው ክፍት ነው አለኝ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ማን ምን ይለኛል። ለልጄ የፈራሁትን ለራሴ አልፈራሁም።

ከጎረቤቴ ጋር የምንለያየው በአንድ አጥር ነው። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። ልጆቻችንን አብረን ነው ያሳደግነው። የእሷ ልጅ ጅዳ የሰው ቤት ትሠራለች። ስለ ጉዞዬ ስነግራት የማሽላ እሸት እየፈለፈለች ነበር።

«ስሚ እንጂ» አለችኝ፣ «ሪዞርት ያደረ ሰው ለአልጋ አንጣፊዋ ቲፕ ይተዋል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ልጄ ናታ። ጅዳ ሆቴል የምትሠራ ጓደኛ አለቻት። ትራስ ላይ ነው አሉ የሚተወው።»

«ትራስ ላይ ብር የሚተወው አራስ ሲጠየቅ ነው።»

«እንግዲያ ልጅሽን እንደ አራስ ጠይቂያት።» ሳቀች። «ስንት ትተዪላታለሽ? ብታበዢው ለራስሽ ልጅ ሰጠሽ፤ ብታሳንሺው የቆቦ ሰው ቋጣሪ ነው ተብሎ ስማችን ጠፋ።»

«ዝም በይ እስቲ።»

«ወላሂ እውነቴን ነው። እኔ የምልሽ፣ ገንዘቡን እሷ ናት የምትልክልሽ። ከእሷ ተቀብለሽ፣ በመኪና አዙረሽ፣ ትራስ ላይ ታስቀምጪላታለሽ። ከዚህ እዚያው ብታስቀረው አይሻልም ነበር?»

እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር።

በማግሥቱ ከማሳዋ ጥንቅሽ ቆርጣ፣ በገመድ አስራ አመጣችልኝ። «እዚያ ስኳር ይኖራል እንጂ ይሄ የለም። ስጫት። ኢንሻአላህ ደርሰሽ በሰላም ትመለሺ።» እኔም ከማሽላው እሸት ጨመርኩበት።

አውቶቡሱ ከቆቦ ሲወጣ ማሽላው ራሱን ደፍቶ ነበር፣ ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ይታያሉ። ዞብል ተራራ ላይ ፀሐይ ገና ጫፉን ነክታለች። ሮቢት ላይ ሰው ጫንን፣ ጎብዬ ላይ አወረድን። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ዳዊቴን እየደገምኩ ነው ያለፍኩት። ፍተሻ ባለበት እንወርዳለን፣ እንሳፈራለን። አምላክ ይመስገን፣ ክፉ ሳላይ ደረስኩ።

አዲስ አበባ ወንዱ ልጄ ዘንድ አድሬ በማግሥቱ ወደ ሐይቁ ይዞኝ ወረደ። መንገድ ላይ የታጠፈ ብር እጄ ውስጥ አደረገልኝ።

«ይሄ ለቲፕ ነው። ስትወጪ ክፍሉን ላጸዳችው ትተዪዋለሽ።»

«እህትህ ናት እኮ የምታጸዳው።»

«እሷ ከሆነች እሷ ትውሰደው። ሌላ ከሆነች ሌላዋ። ወግ ነው እማ።»

«ወጉ ስንት ነው?»

«ልክ የለውም። አንዳንዱ ምንም አይተውም። ሂሳቡ ውስጥ የአገልግሎት ተብሎ ይቆረጣል፣ ደግሜ ለምን እሰጣለሁ ይላል።»

«የተቆረጠው ይደርሳቸዋል?»

«እንጃ» አለ ልጄ። ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሪዞርቱ በር ላይ አበባ አለ፣ ሣሩ የተላጨ ፀጉር ይመስላል። ልጄ ከእንግዳ መቀበያው ጎን ቆማ ነበር። ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራዋለች። ከስታለች። ልሮጥ ስል ዓይኗ ከለከለኝ። አጠገቧ ሱፐርቫይዘሯ ነበረች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ ልጄ።

«መጡ» አለችኝ። ከተወለደች አንቱ ብላኝ አታውቅም። ቦርሳዬን ተቀብላ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ስንታጠፍና ማንም በማያየን ቦታ ላይ ስንደርስ ቦርሳውን አስቀምጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰው ሲመጣ ሰማች፣ ለቀቀችኝ፣ ቦርሳውን አነሳች።

በሩን እየከፈተች በጆሮዬ ነገረችኝ። ሠራተኛ በእንግዳ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይችልም። ከእንግዳ ጋር ምግብ ቤቱ ውስጥ መብላት አይችልም። እነሱ የሚያድሩበት ደግሞ ሰው አይገባም። «ጠዋት ክፍልሽን የማጸዳው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እንገናኛለን። ለቅርብ አለቃዬ ነግሬያታለሁ፣ ሱፐርቫይዘሯ ግን አታውቅም።» ወንድሟም ሥራ ስላለው በመጣበት ተመለሰ። ሊወስደኝ የሚመጣው ከሦስት አዳር በኋላ ነበር።

ያን ምሽት አልጋው ላይ ጋደም ብዬ አሰብኩ። ክፍል ማጽዳት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ትንሽ ነው። ሥራው ቀድሞ ካለቀ ግን ያቺ ትንሽ ጊዜ ለእኛ ትሆናለች። እሷ ትቀመጣለች፣ እኔ አያታለሁ። ይህን ወስኜ ተኛሁ።

እኛ ቆላ ያለን ሰዎች በሙቀቱ ወራት ደጅ ነው የምንተኛው። ጠዋት አንሶላው ይታጠፋል፣ ፍራሹ ተነስቶ ግድግዳ ተደግፎ ይናፈሳል። አልጋ ቀን ተነጥፎ የሚውለው በሽተኛ ሲኖር ነው። የሰው ቤት ያደረ እንግዳ ደግሞ ባለቤቶቹ ሳይነሱ የተኛበትን አጥፎ፣ ዕቃውን ሸክፎ ሲጠብቅ ነው ባለጌ አይደለም የሚባለው። እናቴ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ፤ እኔም ልጆቼን እንዲሁ።

ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ጸለይኩ። አንሶላዎቹን ገፍፌ አጠፍኩ። ብርድ ልብሱን አጠፍኩ። ፍራሹ ከባድ ነበር፣ እየገፋሁ ግድግዳው ላይ አቆምኩት። ፎጣዎቹን ደረደርኩ። መታጠቢያ ቤቱን ወለወልኩ፣ ቆሻሻውን ወደ ደጅ አወጣሁ። ቦርሳዬን ሸክፌ በሩ ጥግ አኖርኩ። ከዚያ እስክትመጣ ድረስ ብዬ ውዳሴ ማርያሜን ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድኩ።

ስመለስ በሬ ላይ ጋሪ ቆሟል። ልቤ ደስ አለው። ገባሁ። ፍራሹን ወደ አልጋው እየመለሰች ያለችው ልጅ ግን የእኔ አልነበረችም።

«እማማ፣ እርስዎ አልወጡም እንዴ?» አለችኝ።

«የት ልውጣ?»

«ሱፐርቫይዘሯ እንግዳው ወጥቷል ብላኝ ነው። ዛሬ እንግዳ የወጣበትን ክፍል የምሠራው እኔ ነኝ። እንግዳ ያለበትን ጓደኛዬ ነበረች የምት…» ንግግሯን ተወችው። ፊቴን አየችው። «የእሷ እናት ነዎት።»

«ነኝ።»

«እና አልጋውን እንዲህ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ። እንዳትደክም ብዬ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሳቋን ነበር የያዘችው፣ አመለጣት። «እማማ፣ ፍራሽ ግድግዳ ላይ የሚያቆም እንግዳ ዛሬ ገና አየሁ። እኛ እንዲህ የምናደርገው ትኋን ሲገኝ ነው። ሱፐርቫይዘሯ በሩን ከፍታ ስታይ መጀመሪያ የደነገጠችው በሱ ነው። ቦርሳዎን ስታይ ደግሞ ረስተውት የሄዱ መሰላት።»

«ልጄስ?»

«እዚህ ሥራ የላትም ተብላ ወደ ወዲያኛው ሕንፃ ተላከች። ጠዋቱን ሙሉ እዚያ ናት።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከቆቦ ድረስ የመጣሁበትን ጠዋት በገዛ እጄ አበላሸሁት። አላለቀስኩም፤ ሰው ፊት አላለቅስም። ልጅቷ ግን አየችኝ። ሥራዋን ትታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ነገ አለ እኮ» አለች። «ነገ ግን እባክዎ ምንም እንዳይነኩ። ተኝተው የተነሱበትን እንዳለ ይተዉት። ክፍሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ እኛንም ምን ሠራችሁ ይሉናል።»

«እንዲያ ትቶ መውጣት ነውር አይደለም?»

«እዚህ አይደለም።»

ይህች ልጅ ከአርባ ምንጭ ወዲያ ካለ ገጠር ናት። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፣ ቃሉን አስባ ነው የምታወጣው። ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ያድራሉ። አንሶላ ስታነጥፍ እያየሁ በልቤ የነበረውን ጠየቅኳት።

«ሰው ስንት ነው የሚተውላችሁ?»

«እንደ ሰዉ ነው እማማ።»

«ደስ የሚልሽ የትኛው ነው?»

አሰበች። «በእጅ የሚሰጠው። ጠረጴዛ ላይ ተጥሎ ሳገኘው ረስተውት ይሁን ትተውልኝ አላውቅም። ብወስደው ሌባ ልባል ነው። ስለዚህ ቢሮ አስረክባለሁ። ከዚያ ባለቤቱ ተጠርቶ፣ ተጠይቆ… ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ትራስ ላይ ከሆነ የኛ ነው፣ ይታወቃል። በእጅ የሚሰጥ ግን ዓይኔን ያያል።» ትራሱን ደባበሰችው። «ብሩ ደግሞ አያስፈልገኝም አልልዎትም። ያስፈልገኛል። ለእናቴ የምልከው ከእሱ ነው።»

ይህ አነጋገሯ ደስ አለኝ። ጥንቅሽ ሰጠኋት። ብርቅ ይሆንባታል ብዬ እንዴት እንደሚላጥ ላሳያት ስል በጥርሷ ከእኔ ቀድማ ላጠችው። «እኛም ጋ አለ» አለች እያላመጠች። «እዚህ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ግን አልቀመስኩም።» እናቷን ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንዳላየቻት ጠየቅኳት። ቆይቷል አለች፣ ቁጥሩን አልነገረችኝም። የበዓል ፈቃድ በተራ ነው፣ ተራው ደግሞ ረጅም ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከባድ ፈተና ነበር። የተኛሁበትን እንደተጨማደደ ትቼ መነሳት እጄን በላኝ። ዞር ብዬ እንዳላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ጸለይኩ። ጋሪው ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ ድምፁን ለየሁት። በስልክ የማውቀው ድምፅ ነበር።

ልጄ በሩን ክፍት አድርጋ ገባች። ደንቡ እንዲያ ነው። መቀመጥ አትችልም። አንሶላውን ስትዘረጋ እኔ በወዲያኛው ጎን ቆሜ ጫፉን ያዝኩ። እሷ ትወጥራለች፣ እኔ እወጥራለሁ።

«እማ፣ ልቀቂ፣ ብቻዬን እችላለሁ።»

«እንደምትችዪ አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እንድትዘገዪ ነው።»

ሳቀች። ጥርሷ ሲታይ ልጅነቷ ተመለሰ። ስለ ቤት ጠየቀችኝ። ላሟ ወለደች? ወለደች። ፓፓያው አፈራ? አፈራ፣ ወፍ በላው። እሷ የምትተኛበት ቦታ ምን አለ? ባዶ ነው አልኳት። የሽንኩርት ከረጢት እንዳስቀመጥኩበት አልነገርኳትም። አንሶላው ላይ አንዲት መጨማደድ ቀርታ ነበር። ሁለታችንም አየናት። እሷ ልትዘረጋት እጇን ስትሰድ እጇን ያዝኩት። መዳፏ በሳሙና ሻክሯል።

«እማ፣ ጠዋት አንድ ነገር ሆኗል» አለች። «ዛሬ የቀሩኝን ክፍሎች በሙሉ ጓደኛዬ ወስዳቸዋለች። አለቃዬም እሺ ብላለች። ይሄን ከጨረስኩ እስከ ማታ ነፃ ነኝ።»

«የራሷስ ክፍሎች?»

«ደርባ ትሠራለች።»

ስትወጣ ወደ ኮሪደሩ ብቅ አልኩ። ያቺ ልጅ ከሩቅ ሁለት ጋሪ አያይዛ ስትገፋ አየኋት። እጇን አወዛወዘችልኝ።

በግቢው ውስጥ አብረን መቀመጥ ስለማንችል ወደ ውጪ ወጣን። ልጄ ዩኒፎርሟን አውልቃ ነጠላ ለብሳለች። ከከተማው ወጣ ብሎ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቅዳሴ ስለነበር ቆመን አስቀደስን። ሕዝቡ ሲበተን ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ስንት ነገር ላወራት ነበር። በመንገድ ላይ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ስለ ትዳር ልጠይቃት ነበር፣ ስለ ጤናዋ፣ በሌሊት ፈርታ ታውቅ እንደሆነ።

እሸቱን ከያዝኩበት ፈታሁ። ትንሽ ቆረጠመች። «እማ፣ ትንሽ ልጋደም?» አለች። ራሷን ጭኔ ላይ አሳረፈች። ወዲያው ተኛች።

የምትነቃ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልነቃችም። ጥላው ተዛወረ፣ ፀሐዩ ፊቷ ላይ እንዳይወድቅ በነጠላዬ ጋረድኳት። እግሬ ደነዘዘ። አንድ ካህን ሲያልፉ «ታማለች?» አሉኝ። «ደክሟት ነው አባ» አልኳቸው። ባረኳት። አልሰማችም። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ እንደ ሕፃንነቷ። ከቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ አየኋት፤ ደረጃ ላይ ወድቃ የተፈነከተችው ነው። አንድ ቀን ሙሉ አጠገቤ ሆና ማየት ነበር ልመናዬ። ይኸው ተሰጠኝ። ድምጿን ብቻ አልጨመረልኝም። ልቀስቅሳት ብዬ እጄ ትከሻዋ ላይ ደረሰ፣ መለስኩት።

ስትነቃ ቀኑ መሽቶ ነበር። «ለምን ተውሽኝ እማ? ቀኑን ጨረስኩት እኮ» ብላ አለቀሰች። «አልጨረስሽውም፣ አብረን ነበርን» አልኳት። ለማጽናናት አልነበረም፤ እውነቴን ነው።

በመጨረሻው ጠዋት ተራው የዚያች ልጅ ነበር፤ እንግዳ የሚወጣበት ክፍል የእሷ ስለሆነ። አልጋውን እንደተኛሁበት ተውኩት። ወንዱ ልጄ የሰጠኝን ብር አወጣሁ። ከነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትንም ፈትቼ ጨመርኩ። ለመመለሻ ያህል ብቻ አስቀረሁ። በዚህ ዓይነት ነገር ልኩ ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጆቿ ካሉበት ሩቅ የሆነች እናት ለልጇ ቀን ለገዛችላት ሰው ስንት ትሰጣለች?

ስትገባ እጇን ይዤ መዳፏ ውስጥ አኖርኩት፣ ጣቶቿን ዘጋሁበት። ዓይኗን አየሁ።

«እማማ፣ ይሄ በዛ።»

«አልበዛም።»

«እሷም እኮ ለእኔ…» ብላ ጀመረች፣ ከዚያ ዝም አለች። አፍራ መሰለኝ። እኔ ግን መመረቅ ጀምሬ ነበር። «እናትሽን በዓይንሽ ያሳይሽ። ቤትሽ ያግባሽ። ይሄ እጅሽ አይድከም።» ራሷን ዝቅ አድርጋ አሜን አለች።

ለልጄ ቲፕ አልተውኩላትም። ልስጣት ብል «ከአንቺ ብወስድ ምን እባላለሁ?» አለችኝ። መኪናው ጋ ስትሸኘኝ ሰው ስለነበር እንደገና «በሰላም ይግቡ» አለችኝ። እኔም እንደ እንግዳ «እናመሰግናለን» አልኳት።

ቆቦ ስገባ ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ጠበቀችኝ። «አልሐምዱሊላህ። እሺ፣ ስንት ተውሽ?»

«ያለኝን።»

«ያለሽን ስንት?»

«ያለኝን አልኩሽ።»

«ቋጣሪ አለመባላችን ነው ደጉ» አለች። ከዚያ ፊቴን አይታ ቀልዱን ተወችው። «ጠገብሽ?»

«አልጠገብኩም» አልኳት። ልጇ ያለችበትን አገር ርቀት ሁለታችንም እናውቀዋለን።

የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር፣ ልጄ ስትደውል ድምጿ ሌላ ሆነብኝ።

«እማ፣ የምነግርሽ አለ። እንዳትቆጪ።»

«ንገሪኝ።»

«ዘንድሮ ለገና የፈቃድ ተራ ደርሶኝ ነበር።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«ለጓደኛዬ ሰጠኋት። አንቺ የመጣሽ ጊዜ ነው። እሷ አልጠየቀችኝም፣ እምቢም ብላ ነበር። ግን ያን ቀን የእኔን ሥራ ሁሉ ደርባ ሠራችልኝ። እኔ ምን ልስጣት? ያለኝ እሱ ነበር።»

ዓይኔ መኝታዋ ላይ ካለው የሽንኩርት ከረጢት ላይ አረፈ።

«መንገዱንም አስቤ ነው እማ። ገና ላይ ይከፈት ይዘጋ ማን ያውቃል? አንቺ ግን ያን ቀን እዚሁ ነበርሽ። አኮረፍሽ?»

«አላኮረፍኩም።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«እየሰማሁሽ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ያቺ ልጅ ጀምራ የተወችው ነገር ገባኝ። እኔ ብሩን ስቋጥርና ስፈታ፣ ይበቃል አይበቃም ስል፣ ልጄ ቀድማ ከፍላ ነበር። በምን እንደከፈለች ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። የሰጠችው የእኔን የገና በዓል ነው። ብጠየቅ እሺ እል ነበር? አላውቅም። ሳልጠየቅ ስላደረገው አምላክን አመሰገንኩት።

በገና ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበር። አውቶቡሶቹ ከደሴ በኩል ሰው ሞልተው እየገቡ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሻንጣ ይዘው ሲወርዱ ከበሬ ላይ አየኋቸው። እናቶቻቸው ሲወጡ፣ ሲያቅፏቸው። እንኳን ደስ አላችሁ አልኩ። ወደ ቤቴ ገባሁ። የሽንኩርቱን ከረጢት ከመኝታዋ ላይ አንስቼ ወለሉን ጠረግኩ፣ ፍራሹን አነጠፍኩ፣ ማንም እንደማይተኛበት እያወቅኩ።

በበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ ተመልሼ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነበር።

«እማማ፣ እንኳን አደረስዎ» አለች ያቺ ልጅ። ቃሉን አስባ ነው የምታወጣው፣ አወቅኳት። «ቤት ነኝ። እናቴ ሰላም ልትልዎ ትፈልጋለች። አማርኛ አታውቅም።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ። የእኔን ዕድሜ የሚሆናት መሰለኝ። ብዙ ተናገረች። አንድም ቃል አልገባኝም። ሲያልቅ ግን ምርቃት እንደሆነ አወቅኩ፤ ምርቃት በየትኛውም ቋንቋ አወራረዱ ያስታውቃል። «አሜን» አልኳት። እኔም በበኩሌ መረቅኳት። ልጆቿን እንዲያኖርላት፣ ቤቷ እንዲሞላ። እሷም ሳይገባት «አሜን» አለች።

ከዚያ የምንለው አልነበረንም። ማናችንም ግን ስልኩን አልዘጋንም። ከእሷ ኋላ የቤቱ ጫጫታ ይሰማኝ ነበር። ሳህን ይንኳኳል፣ ሰው ሰው ይጠራል፣ ልጅቷ የሆነ ነገር ተናግራ ስትስቅ ሌሎቹ ተከትለዋት ይስቃሉ። የእኔዋ ሳቅ አልነበረም። ስልኩን ከጆሮዬ አላነሳሁም።